ቤት ከመሸጡ በፊት ሊዘጋጅ የሚገባው ነገር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ኮሚቴው ወስኗል።)



 ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ቤት ሽያጭ ነው። ማኅበራችን ቤታችሁን ሽጡ ብሎ አይመክርም፤ አትሽጡ ብሎም አይከለክልም። ይህ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ለሽምግልና ወደ ኮሚቴው ከሚመጣው ነገር ውስጥ ብዙው ቤት ከመሸጥ ጋር የተያያዘ ሆኗል። ወንድምና እኅት የተኳረፉት፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር የተካሰሱት፣ ቀብድ ተቀብሎ መመለስ ያቃተው፣ ሁሉም ነገሩ ሲጣራ «አስቀድመን ባለመዘጋጀታችን ነው» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው። ለአብዛኛዎቻችን ቤታችን ብቸኛው ሀብታችን ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተበላሸ የሚጠገንበት ሌላ ገንዘብ የለንም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የሕግ አዋቂም አይደለሁም። የማቀርብላችሁ በጸሐፊነቴ ካየሁት፣ ሕግ የሚያውቁትን ከጠየቅሁትና ግንበኛና አናጢ ከሆኑት አባሎቻችን ከሰማሁት ነው። ከበድ ያለ ጉዳይ የገጠመው ሰው ጠበቃ ያማክር።

አንደኛ፦ የምንሸጠው ምንድን ነው?

ይህ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ይስተዋል። መሬት አይሸጥም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤት የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብት አለው። ስለዚህ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። «ከጓሮዬ ባዶውን ቆርሼ ለእገሌ ሸጥኩለት» ተብሎ በሦስት ምስክር የሚጻፍ ወረቀት ሁለቱንም ወገን ወደ ጣጣ የሚያስገባ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እባካችሁ ተውት።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደንግጓል። ይህ ወጪ የገዢ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ገዢ ወጪውን ከዋጋችሁ ላይ ያስባልና። ስለዚህ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ የእናንተ ይዞታ በአሁኑ አሠራር እንዴት እንደሚተላለፍ ጠይቁ። መጠየቅ አያስከፍልም።

ሁለተኛ፦ ከቤተ ሰብ ጋር መስማማት

ደላላ ከመጥራት በፊት ቤተ ሰብ ይጠራ። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ቤት ከሆነ አንዱ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ያው ነው። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስፈርሰው ይችላል። ስለዚህ «ለእሷ በኋላ እነግራታለሁ» ማለት አይሠራም።

የወላጅ ቤት ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። እናትና አባት ካረፉ በኋላ ቤቱ የወራሾች ሁሉ ነው። በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፤ ከዚያ ሁሉም ወራሾች ተስማምተው ይፈርማሉ። ከወራሾቹ መካከል 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ሞግዚቱ በራሱ ፈቃድ ሊሸጥበት አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ወይም ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ካሉ ውክልና መላክ አለባቸው። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ያልፋል፤ አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 እንደሚለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም ወክዬዋለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። «ቤቱን እንዲሸጥ፣ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘብ እንዲቀበል» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን ሳያውቁ ወረቀቱ እስኪመጣ ወራት ጠብቀው እንደገና የጀመሩ አሉ።

ከሕጉ በላይ ደግሞ የሰው ነገር አለ። በብዙ ቤት ውስጥ ከልጆቹ አንዱ ወይም አንዷ እናትን ስታስታምም፣ አባትን ስታጥብ፣ ጣሪያ ሲያፈስ በራሷ ገንዘብ ስታስጠግን የኖረች ትሆናለች። ሌሎቹ ከያሉበት መጥተው «እኩል እንካፈል» ይላሉ። በሕጉ ልጆች እኩል ናቸው። ነገር ግን ቤቱ ሲሸጥ እሷ ወዴት ትገባለች? ይህ ጥያቄ ገዢ ከመምጣቱ በፊት መነሣት አለበት። ያወጣችው የጥገና ወጪ ይታሰብላት አይታሰብላት፣ የኪራይ ቤት እስክታገኝ ስንት ወር ትቆይ፣ የእናት ዕቃ ለማን ይሁን፣ ይህ ሁሉ በሽማግሌ ፊት ተነጋግሮ በወረቀት ይስፈር። ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና አይሰምርም። እኔ ብዙ አይቻለሁ።

ለአረጋውያን አባሎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ወይም ዘመድ «ሽጠሽ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ» ሲል ደግነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መግቢያችሁን በወረቀት ሳታረጋግጡ ከቤታችሁ አትውጡ። ገንዘብ በእጅ ሲቆይ ይሟሟል፤ የቤት ዋጋ ደግሞ አይጠብቅም። ሽጦ ሌላ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ አለበት።

ሦስተኛ፦ ወረቀቶችን ማሟላት

ወረቀት የማዘጋጀቱ ሥራ ቤቱን ከመጠገን ይቀድማል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጽፋችሁ ያዙ።

ሀ) የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና ፕላን። ስሙ በትክክል የተጻፈ መሆኑን እዩ። መታወቂያ ላይ «ወልደ ሚካኤል»፣ ካርታ ላይ «ወ/ሚካኤል» የሚል ከሆነ ያው ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የካሬ ሜትሩም ልክ ይታይ። በካርታው ላይ ያለውና በመሬት ላይ ያለው ስፋት ካልተገጣጠመ ምክንያቱን አሁን እወቁት፤ ገዢ ልኬት ይዞ ሲመጣ አትደንግጡ።

ለ) ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። ቤቱ በባንክ ተይዞ ከነበረና ዕዳው ከተከፈለ፣ ባንኩ መያዣውን ማንሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለይዞታ መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። ዕዳ ከፈልኩ ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ መዝገቡ ላይ መሰረዝ አለበት።

ሐ) የቦታና የቤት ግብር የተከፈለባቸው ደረሰኞች። ውዝፍ ካለ ይከፈል። የውሃና የመብራት ሒሳብም እንዲሁ።

መ) መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃ። ያገባ የጋብቻ ማስረጃና የትዳር ጓደኛውን ይዞ ይቀርባል። ያላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያወጣል። የተፋታ የፍርድ ቤት ውሳኔውንና ቤቱ ለእሱ የደረሰው መሆኑን፣ ባሏ የሞተባት የሞት የምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማስረጃ ይዛ ትቀርባለች።

ሠ) ተጨማሪ የተሠሩ ክፍሎች ፈቃድ። ብዙዎቻችን ለኪራይ ብለን ሰርቪስ ቤት ቀጥለናል። በፕላኑ ላይ የሌለ ክፍል ካለ ለገዢ በግልጽ ይነገረው። ፈቃድ ማውጣት የሚቻል ከሆነም ከሽያጩ በፊት ይጠየቅ።

በ2006 ዓ.ም. የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከወጣ ወዲህ ይዞታን በካዳስተር መመዝገብ ተጀምሯል። የእናንተ ይዞታ ተመዝግቦ እንደሆነ ወይም ቀርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ገዢ ይህን ማወቅ ይፈልጋል። የመንገድ ወይም የልማት ፕላን ቦታውን ይነካው እንደሆነም እንዲሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በፒያሳና በካዛንችስ ያደረገውን ያላየ የለም፤ በከተማችን አሁን ገዢ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «አላውቅም» ከማለት ጠይቆ ማወቅና ያወቁትን መናገር ይሻላል። ወሬ ሰምቶ በድንጋጤ በርካሽ መሸጥም ኪሳራ ነው፤ ከወሬው ይልቅ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን መልስ ስሙ።

አራተኛ፦ ድንበርና ጎረቤት

ይህ ማኅበራችንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። እኛ ለብዙ ዓመት በመተማመን ኖረናል። አጥሩ ግማሽ ክንድ ወደዚህ ቢገባ ዝም፣ የጣሪያው ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ ቢወርድ ዝም፣ አንድ ሽንት ቤት ለሁለት ቤት ቢሆን ዝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ነው ዝም ያልነው። አዲስ ገዢ ግን ይህን ዝምታ አይገዛም፤ የሚገዛው ካርታው ላይ ያለውን መስመር ነው። አጥር አፍርሶ ሲለካ የሚጣላው ከእናንተ ጋር ሳይሆን እዚሁ ከሚቀረው ጎረቤታችሁ ጋር ነው።

ስለዚህ ቤት ለመሸጥ ያሰበ አባል አስቀድሞ አዋሳኞቹን ጠርቶ ድንበሩን ያሳያቸው። የጋራ ግድግዳ፣ የጋራ ቦይ፣ በአንዱ ግቢ አልፎ ወደ ሌላው የሚሄድ የውሃ ቧንቧ፣ የጋራ መተላለፊያ ካለ በወረቀት ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። ኮሚቴው ሽማግሌ ይልካል፤ ክፍያ የለውም። ገዢም ይህን ወረቀት ሲያይ ልቡ ያርፋል። ጎረቤቱ የሚመሰክርለት ቤት ከተቀባ ቤት ይበልጥ ያምራል።

ግቢያችሁ ውስጥ ተከራይ ካለም አስቡበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። «ቤቱን ሸጫለሁ፣ ነገ ውጣ» ማለት አይቻልም። ወረዳ ሄዳችሁ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ጠይቁ፤ ለተከራዩም ቀድማችሁ ንገሩት። እሱም ልጆች ይዞ የሚኖር ሰው ነው።

አምስተኛ፦ ቤቱን ማሰናዳት

አሁን ወደ ግድግዳውና ጣሪያው እንምጣ። በመጀመሪያ ገዢው ምን ዓይነት እንደሚሆን ገምቱ። የጭቃ ቤት በሰፊ ቦታ ላይ ከሆነ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ አፍርሶ የሚሠራ ሰው ነው። ለእሱ ቀለም ብትቀቡ ባትቀቡ ግድ የለውም፤ የሚያየው ካርታውን፣ ስፋቱን፣ መኪና የሚያስገባ መንገድ መኖሩን፣ ውሃና መብራት መግባቱን ነው። እንዲህ ላለው ቤት ብዙ ሺህ ብር ለልስን ማውጣት ከንቱ ነው። ግቢውን ማጽዳት፣ የድንበር ምልክቱን ማሳየት፣ ወረቀቱን ማሟላት ይበቃል። የብሎኬት ወይም የድንጋይ ቤት ከሆነና ገዢው ገብቶ ሊኖርበት ከሆነ ግን ጥገናው ዋጋ አለው።

ጣሪያ። ቀን በር ዘግታችሁ፣ ኮርኒስ ካለ በመውጫው በኩል ከቆርቆሮው ሥር ገብታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ቀዳዳ ካለ የፀሐይ ብርሃን እንደ ኮከብ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የቆርቆሮው ምስማር ላልቶ ወይም ሥሩ ያለው ጎማ ደርቆ ነው፤ ምስማሩን መለወጥ ርካሽ ነው። ዝገት የበላውን ቆርቆሮ መለወጥ እንጂ በሬንጅ መለጠፍ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። አሸንዳው ይጠረግ፤ ውሃው ከመሠረቱ ርቆ እንዲወርድ ይደረግ። ጣሪያ ሳይጠገን ኮርኒስ አትቀቡ፤ እድፉ ተመልሶ ይመጣል።

ግድግዳ። የጭቃ ግድግዳ ቢሰነጠቅ በጭድና በጭቃ፣ ጭቃውም ተቦክቶ ለጥቂት ቀን ከበሰለ በኋላ ይመረግ። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ እንዲሁ ቢለስኑት ሁለቱ አይያያዙም፤ የዶሮ ሽቦ ካልተመታበት ልጡ ይነሣል። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ከሆነ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቢላው በቀላሉ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል። በብሎኬት ቤት ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከልስን ይመጣል፤ እጅ የሚያስገባ፣ በበርና በመስኮት ጥግ ወደ ጎን የሚሄድ ስንጥቅ ግን ከመሠረት ሊሆን ስለሚችል ለግንበኛ ይታይ።

ውሃና መብራት። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ ውሃ በመሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። መብራት በኩል የተላጠ ሽቦ፣ የሚሞቅ ሶኬት፣ የሚፈነጥቅ ማብሪያ ካለ ሙያ ባለው ሰው ይለወጥ። ይህን ለሽያጭ ብቻ ሳይሆን ለሕይወታችሁም አድርጉት። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ከሆነ ሰው ከመምጣቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ይመጠጥ። ሽታ የመታው ገዢ ሳሎኑን ሳያይ ይመለሳል።

ቀለም በመጨረሻ ነው። ክረምት ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ቀለም አይይዝም፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ይሻላል። ክረምቱ የሚጠቅመው የሚያፈሰውን ቦታ ለመለየት ነው፤ እያፈሰሰ ሳለ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ለእናንተ የተወደደው አረንጓዴ ለሌላው ላይወደድ ይችላል። የማድቤቱ ጥላሸት ይታጠብ። ከግድግዳ ጋር የተደረደረው አሮጌ ዕቃ ይነሣ። የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጀሪካን፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን ክፍሉን ያጠበዋል። ለሚፈልግ ስጡ፣ ወይም ለቆራሌው ሽጡት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስንጥቅን በቀለም መሸፈን፣ የሚያፈሰውን በኮርኒስ መደበቅ ጥገና አይደለም። በሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊነት አለበት፤ ደብቆ የሸጠም አያመልጥም። «ይህ ቦታ ያፈሳል፣ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቡት» ያለ ሻጭ ቢጠየቅም ያፍራል እንጂ አይፈራም፤ አይ፣ ማፈርም የለበትም። እውነት የተናገረ ሰው ምን ያሳፍረዋል?

ስድስተኛ፦ ዋጋ፣ ደላላና ጎብኚ

ዋጋ ከአንድ ደላላ አይሰማም። በሰፈራችን በቅርቡ የሸጡትን ጠይቁ፤ ሦስት አራት ቦታ አስገምቱ። ከሚገኘው ላይ ወጪውን ቀንሱ። ለደላላ ከመቶ ሁለት መክፈል የተለመደ ነው። የቴምብር ቀረጥ አለ፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከመቶ ሁለት ሆኖ ተደንግጓል። ቤት ሲሸጥ በሚገኝ ጥቅም ላይም ግብር አለ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የወጣው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ስለዚህ የኖራችሁበት ቤትና ያከራያችሁት ቤት በግብር በኩል እንዴት እንደሚታይ ከመስማማታችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። የትኛውን ወጪ ሻጭ፣ የትኛውን ገዢ እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ።

ደላላ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ሆኖም «ከዚህ በላይ የተገኘው የኔ ነው» የሚለውን አሠራር አትቀበሉ። ያ ሰው የሚሠራው ለእናንተም ለገዢም አይደለም። ድርሻውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

የካርታውን ዋና ቅጂ ከእጃችሁ አታውጡ። ኮፒም ቢሆን ለመጣው ሁሉ አትበትኑ፤ በኮፒ ላይ ተመሥርቶ ሐሰተኛ ካርታ የሚሠራ ወንበዴ አለ። ቁርጠኛ ገዢ ከሆነ አብራችሁ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ማኅደሩን ያጣራ። ቤት ለማየት ሰው ሲመጣ ብቻችሁን አትሁኑ። በተለይ እናቶች ጎረቤት ጥሩ፤ ገንዘብና ወርቅ ሰብስባችሁ ቆልፉ። ውሻም ይታሰር።

ሰባተኛ፦ ቀብድና ውል

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ሰው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቤተ ሰባችሁ ሳይስማማ፣ ወረቀታችሁ ሳይሟላ ቀብድ አትቀበሉ። ነገ የተሻለ ዋጋ መጣ ብሎ መመለስ ዕዳ ውስጥ ይከታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ይኸውም በእኛ ከተማ ውልና ማስረጃ የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ለወዳጅነት ጥሩ ነው፤ ቤት ለማስተላለፍ ግን አይበቃም። ማኅበራችንም ማኅተሙን በእንዲህ ያለ ውል ላይ አያደርግም፤ ለምን ብላችሁ አትቀየሙን።

በውሉ ላይ ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ። ቀረጥ ለመቀነስ ብሎ ግማሹን ብቻ መጻፍ ሕገ ወጥ ነው፤ ነገር ቢበላሽ ደግሞ የሚታወቅላችሁ የተጻፈው ብቻ ነው። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሲፒኦ ይሁን። ሲፒኦ ይዞ ቢመጣ ትክክለኛ መሆኑን ከባንኩ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ቤቱን የምታስረክቡበት ቀን፣ እስከዚያ ድረስ የሚቆየው ቀሪ ገንዘብ፣ ከቤቱ ጋር የሚቀረው ዕቃ ሁሉ ይዘርዘር። የውሃ ታንከሩ፣ የብረት በሩ፣ የመጋረጃ ዘንጉ ሳይቀር ይጻፍ። በዘንግ የተጣሉ አይቻለሁ።

ስምንተኛ፦ ስትሄዱ

ቁልፍ በምታስረክቡበት ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር ከገዢው ጋር አንብባችሁ ጻፉና ተፈራረሙ። ስሙም እንዲዛወር አድርጉ። በስማችሁ የቀረ ቆጣሪ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

ከማኅበሩና ከእድሩ ጋር ያለውንም ነገር ጨርሱ። ውዝፍ መዋጮ ይከፈል፤ የእድር ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ በእጃችሁ ካለ ይመለስ። ሩቅ ሰፈር የምትሄዱ በእድሩ መቀጠል የምትፈልጉ ከሆነ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ደንባችን አይከለክልም። ብዙ የቀብር ቀን አብረን የቆምን ሰዎች በአንድ ካርታ ዝውውር አንለያይም። አዲሱን ገዢም አስተዋውቁን። እንግዳ ሆኖ መጥቶ በር ዘግቶ የሚኖረው ብዙ ጊዜ የሚያስተዋውቀው ሰው ስላጣ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ነገሩን ሳጠቃልል፣ የሽያጭ ዝግጅት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ቤተ ሰብ ይስማማ፣ ቀጥሎ ወረቀት ይሟላ፣ ከዚያ ድንበር ይጣራ፣ ከዚያ ቤቱ ይጠገን፣ በመጨረሻ ዋጋ ይጠራ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ቤት ለመሸጥ ያሰባችሁ አባሎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ስለሚገኝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የጎደለውን አብረን እናያለን። የድንበር ሽማግሌ የምትፈልጉም በዚያው ቀን ተመዝገቡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ